የቆሻሻ ቅራሪ

በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ቆሻሻዋን የምትጥልበት አጣች። ገንዳዎች ሞልተው ገነፈሉ፣ ፌስታልና ማዳበሪያ በየመንገዱ ዳር ተከመረ። ዝናቡ ሲወርድበት ደግሞ ከክምሩ ሥር ጥቁር ውሃ እየተንጠፈጠፈ አስፋልቱን አቋርጦ ወደ ቱቦ ይገባ ነበር። አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። ያን ጥቁር ውሃ ልብ ብሎ ያየው ሰው ብዙ አይመስለኝም። የታሪኩ ዋና ባለቤት ግን ያ ውሃ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማዋ ከ50 ዓመት በላይ ስትጥልበት የኖረችው ረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው ቦታ፣ ሞልቶ ተራራ ሆኖ ነበር። ስለዚህ በደሴ መንገድ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ ሰንዳፋ አጠገብ፣ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠራ። ወለሉ ውሃ እንዳያሰርግ የተለበጠ፣ ከቆሻሻው የሚወጣውን ፈሳሽ የሚያጠራቅም ኩሬ የተዘጋጀለት፣ በወረቀት ላይ ምንም የማይወጣለት ነበር። በ2008 አጋማሽ ላይ ሥራ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የአካባቢው ገበሬዎች አቤት አሉ። ከማስወገጃው የወጣ ውሃ ወንዛችን ገባ፣ ከብቶቻችን ጠጥተው ሞቱ፣ ሽታው አላስቀምጥ አለን ነበር የሚሉት። የመሬት ካሣ ቅሬታም ነበረበት። ዓመቱም ኦሮሚያ በተቃውሞ የተናጠችበት ዓመት ነው። መኪኖቹ መንገድ ተዘጋባቸው፣ ማስወገጃው ዓመት ሳይሞላው ቆመ፣ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ የቆሼ ተራራ ተናደ። ሥሩ ቤት ቀልሰው የሚኖሩትን ከነቤታቸው ዋጣቸው። ቁፋሮው ለቀናት ቀጠለ፣ በመጀመሪያ በአሥሮች የተነገረው የሟቾች ቁጥር በየቀኑ እያሻቀበ ከ110 አለፈ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

ይህን ሁሉ የማነሳው የደቡብ ጎንደሯን አንበሳሜን እያሰብኩ ነው። አንበሳሜና አዲስ አበባ ምን አገናኛቸው የሚል ይኖራል። በስፋት አይገናኙም። ቆሼ 36 ሄክታር ገደማ ነው፤ የደራ ወረዳዋ ከተማ ከነገበያዋ የምታወጣው ቆሻሻ ከዚያ ጎን ቢቀመጥ እፍኝ ነው። ቆሼም ግን የጀመረው ከከተማ ዳር ባለ ባዶ ሜዳ ላይ በተጣለ እፍኝ ነው።

ጥቁሩ ውሃ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከአክስቴ ጓዳ የተሻለ ቦታ አላውቅም። አክስቴ ጠላ ከጠለለች በኋላ ድፍድፉን አትደፋውም። ውሃ ትጨምርበታለች፣ ታሳድረዋለች፣ ቅራሪ ይወጣል። ደግማ ትጨምርበታለች፣ የቀጠነ ቅራሪ ይወጣል። ልጅ ሳለሁ፣ «እቴቴ፣ አሁንስ ውሃ ብቻ አልሆነም?» ብላት፣ «ጌሾው ገና አልለቀቀም ልጄ፤ ድፍድፍ በአንድ ቀን አይጨርስም» አለችኝ። የቆሻሻ ክምርም እንዲሁ ነው። ሰማይ ውሃ ይጨምርበታል፣ ውሃው በክምሩ ውስጥ ሲያልፍ የሚሟሟውን ሁሉ አሟሙቶ ከሥር ይወጣል። ባለሙያዎች ሊቼት ይሉታል፤ እኔ የቆሻሻ ቅራሪ እለዋለሁ። ልዩነቱ የቆሻሻው ድፍድፍ ለመጨረስ አሥርት ዓመታት የሚፈጅ መሆኑ ነው። መጣል ካቆምክ ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላም ክረምት በመጣ ቁጥር ይለቅቃል።

የመጀመሪያው ቅራሪ ከሁሉም የከፋ ነው። የከተሞቻችን ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የምግብ ትራፊ፣ ልጣጭና ቅጠል ነው። ይህ በክምሩ ሆድ ውስጥ አየር አጥቶ ሲበሰብስ እንደ ሰነበተ ቡኮ ይኮመጥጣል። የኮመጠጠ ውሃ ደግሞ ብረት ይበላል። የባትሪ ድንጋይ፣ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ሬዲዮ፣ የቀለም ጣሳ ካገኘ ከያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ይዞ ይወርዳል። ዓመታት ሲያልፉ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል፣ ብረቱም ይቀንሳል። አሞንያው ግን አይለቅም፤ ጨውነቱም አይለቅም። ይህን ጨውነት ገበሬ በቀላሉ ይረዳዋል። አሞሌ ፍለጋ ድንጋይ የሚልስ ከብት ጨው ጨው የሚል ውሃ አይጠየፍም።

መጠኑስ? ሒሳቡ ከባድ አይደለም። በደቡብ ጎንደር ደጋና ወይና ደጋ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል፣ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። 1,000 ሚሊሜትር ብቻ እንያዝ። በ1 ሄክታር የቆሻሻ ሜዳ ላይ ይህ 10 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ነው። ሦስት አራተኛው በጎርፍና በትነት ሄደ፣ አንድ አራተኛው ብቻ ወደ ውስጥ ሰረገ እንበል። ቀሪው 2.5 ሚሊዮን ሊትር፣ በባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን 125,000 ጀሪካን ይሆናል። በአንድ ክረምት፣ ከአንድ ሄክታር። በጎርፍ ሄደ ያልነውም ንጹሕ ሆኖ አልሄደም።

ቦታው ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። የኛ ትናንሽ ከተሞች ቆሻሻ የሚጥሉት ብዙ ጊዜ ቦረቦር ውስጥ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ቦረቦር የማንም እርሻ አይደለም፣ ካሣ አይጠየቅበትም፣ ከዓይንም ይሰውራል፣ እንዲያውም «ይሞላልናል» የሚል ተስፋ አለ። ነገር ግን ቦረቦርን የሠራው ጎርፍ ነው። ቦረቦር ውስጥ መጣል ቆሻሻውን በውሃ መንገድ ላይ ማስቀመጥ ነው። ከሥሩ ያለው ዓለት ደግሞ ከጉና እስከ ጣና ዳር ድረስ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ጥቁር ድንጋይ ጠንካራ ይመስላል እንጂ በስንጥቅ የተሞላ ነው። ከላይ የሰረገው ውሃ በስንጥቁ ይወርድና የማያሳልፍ ንብርብር ሲገጥመው ወደ ጎን ሄዶ በቁልቁለቱ ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ሰፈሮቻችን የሚጠጡት ያንን ነው። አፈር ጀርምን በመጠኑ ያጣራል፤ የዓለት ስንጥቅ ግን ቧንቧ ማለት ነው፣ አያጣራም። በክረምት ጎርፍ ሲገባበት የምንጭ ውሃ የሚደፈርሰው ለዚህ ነው። ድፍርሱ በዓይን ይታያል። የሟሟው አይታይም።

ሰንዳፋ ላይ ዘመናዊ ወለል ነበረ አይደል ወይ? ነበረ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጉድጓድን በላስቲክ ስትለብጠው ሳፋ ሠራህ ማለት ነው። ሳፋ ዝናብ ከተሞላ ይገነፍላል። የተለበጠ ማስወገጃ በየቀኑ የሚቀዳ፣ የሚጣራ፣ ኩሬው ከክረምት በፊት የሚጎድል፣ ጄነሬተሩ ነዳጅ የማያጣ፣ ፓምፑ ሲበላሽ በዚያው ሳምንት የሚጠገን ሥራ ይፈልጋል፤ ይህም ለ30 ዓመት። የግንባታውን ገንዘብ ብድር ሰጪ ይሰጣል። ጥቁሩን ውሃ በየቀኑ የሚቀዳው ሰው ደመወዝ ግን ከሌላ ከየትም አይመጣም፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ካዝና ነው። በኔ ግምት የኛ ከተሞች የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው፤ ሪባን የሚቆረጥበት ቀን አለ፣ ፓምፕ የሚጠገንበት ቀን ግን የለም።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይከብዳል። ቁልቁል ያለው ገበሬ ውሃ ያውቃል። የትኛው ምንጭ መቼ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ጅረት በሐምሌ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። ቦታው ሲመረጥ ያልተጠየቀ ሰው፣ ከብቱ ሲሞትበት የሚናገረው በመንገድ መዝጋት ነው። ይህ የሆነው ሕግ ጠፍቶ አይደለም፤ በሕግ ደረጃ አገራችን ደሃ አልነበረችም። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጥተዋል፤ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513ም በ1999 ወጥቶ ነበር።

ቆሼ ለምን ተናደ ለሚለው ነዋሪዎች ሁለት ነገር ይጠቅሱ ነበር። አንዱ ቆሞ የነበረው መጣል እንደገና መቀጠሉ፣ ሌላው አጠገቡ ለሚገነባው ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ቦታ ሲስተካከል ቡልዶዘሮች ክምሩን መግፋታቸው ነው።  እኔን የሚያሳስበኝ የክምሩ ሆድ ነው። በግማሽ ምዕተ ዓመት የተጠራቀመ የምግብ ትራፊ በበጋም ቢሆን ውስጡ ደረቅ አይሆንም። ውሃ መውጫ አጥቶ በክምር ውስጥ ሲጠራቀም ቁርጥራጩን እርስ በርሱ ያንሳፍፈዋል፣ የተያያዘው ይላላል፣ ዳገቱ ራሱን መሸከም ያቅተዋል። ሐምሌ 3 ቀን 1992 ዓ.ም. በፊሊፒንስ ፓያታስ የተባለው ክምር ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። የካቲት 14 ቀን 1997 በኢንዶኔዥያ ሌዊጋጃ እንዲሁ ከዝናብ በኋላ ተናደ፤ ከ140 በላይ ሰው ሞተ። ኢንዶኔዥያ ያን ዕለት በየዓመቱ የቆሻሻ ጉዳይ ብሔራዊ ቀን አድርጋ ታስበዋለች። እኛ ለመጋቢት 2 እንዲህ ያለ ነገር ብናደርግ አልጠላም።

ስለዚህ ምንጩን የሚበክለውም ተራራውን የሚንደውም አንድ ውሃ ነው። መውጫ ካገኘ ምንጭ ይበክላል፣ መውጫ ካጣ ክምር ይንዳል። መፍትሔውም ይህንኑ ውሃ አስቀድሞ መግራት ነው።

ጤናው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ተቅማጥ ብቻ ነው። ተቅማጥ አለ፣ ታይፎይድም አለ፤ ዳይፐርና የሰው ዓይነ ምድር ያለበት ክምር ጀርም አያጣም። ለጀርም መድኃኒት አለን፤ ውሃ ማፍላት፣ ውሃ አጋር የሚባለውን ክሎሪን ጠብ ማድረግ። ሁለተኛው ናይትሬት ነው። ከክምሩ የወጣው አሞንያ አየር ሲያገኝ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ50 ሚሊግራም በላይ እንዳይኖር ይመክራል፤ ልኩ የተቀመጠው በዋናነት ለጨቅላ ሕፃናት ተብሎ ነው። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን በዚህ ውሃ የተበጠበጠ ወተት ከጠጣ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። የእናት ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ከዚህ ይጠበቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስድስት ወር ጡት ብቻ እያሉ የሚወተውቱበት ምክንያት ላይ አንድ ልጨምር ብዬ ነው።

ሦስተኛው እርሳስ ነው። የሚፈቀደው ልክ በ1 ሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። 1 ግራም እርሳስ 100,000 ሊትር ውሃን፣ 5,000 ጀሪካን ማለት ነው፣ እዚያ ልክ ላይ ሊያደርሰው ይችላል። የአንድ ባጃጅ ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስ በኪሎ የሚመዘን ነው። ዕድል ሆኖ ባትሪው ዋጋ ስላለው ቆራሌው ይወስደዋል፤ ቆራሌውን የምንሰድብ ሰዎች እዚህ ላይ እናመስግነው። እርሳስ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል፣ ያውም ትኩሳትም ተቅማጥም ሳያሳይ። ልጁ ትምህርት አይገባውም ይባላል እንጂ ውሃውን ማንም አይጠረጥርም። ደግሞ ማፍላት ናይትሬትንም እርሳስንም አያስወግድም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይጎለምሳል። ደህና አድርጋ ያፈላች እናት ልጇን ከጀርም አዳነችው፣ ከእነዚህ ግን አላዳነችውም።

የደራ ውሃ ወዴት ይሄዳል? ወረዳዋ በምዕራብ ጣናን፣ በደቡብ ዓባይን የምትዋሰን ናት። ጌልዳና ጉማራ ወደ ጣና፣ ሌሎቹ ጅረቶች በቀጥታ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ጣና ላይ እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ምን እንዳደረገ የማያውቅ የለም። ለእምቦጭ መድለቢያ ከሆነው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አብዛኛው የሚመጣው ከታጠበ የእርሻ አፈርና ከከተሞች ፍሳሽ ነው፤ የአንዲት ትንሽ ከተማ ቦረቦር ድርሻ ጠብታ ነው ቢባል አልከራከርም። በሐይቁ ዙሪያ ግን ስንት ትናንሽ ከተሞች አሉ?

አሁን ወደሚቻለው ልምጣ፤ ምክንያቱም ትንሽ ከተማ መሆን በዚህ ጉዳይ ዕድል ነው። ከአደጋው በኋላ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ፣ በተባበሩት መንግሥታት የሰው ልጆች አሰፋፈር ፕሮግራም አማካይነት ቆሼ ላይ የፉኩኦካ ዘዴ የሚባለው ሥራ ተሠርቷል። ዘዴው የተወለደው በ1960ዎቹ ዓ.ም. በጃፓን ፉኩኦካ ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲውና በማዘጋጃ ቤቱ ትብብር ነው። አዲስ ቦታ ሲሆን ክምሩ ከመጀመሩ በፊት ወለሉ ላይ የተበሳሳ ቧንቧ ይዘረጋል፣ ዙሪያው በድንጋይ ይከበባል፣ ጫፉ ለአየር ክፍት ይተዋል። ጥቁሩ ውሃ ሳይጠራቀም ይወጣል። ክምሩ ሲበሰብስ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ በዚያው ቧንቧ ከውጭ አየር ይስባል፤ አየር ያገኘ ብስባሽ ቶሎ ያልቃል፣ የሚወጣው ውሃ ይቀልላል፣ የሚቀጣጠለው ጋዝም ይቀንሳል። ፓምፕ የለውም፣ ነዳጅ አይጠጣም። የፕላስቲክ ቧንቧ በጠፋበት አገር በቀርከሃ ሠርተውታል። ቀርከሃ ከእንጅባራ ይመጣል፤ ድንጋይማ ደቡብ ጎንደር ለጎረቤት የሚተርፍ አላት።

ከዚያም የሚቀድም አለ። ሰው ሁሉ ጥር ሲመጣ ዶማና አካፋ ይዞ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፍራል። ያው የጎርፍ መቀልበሻ ከቆሻሻ ቦታ በላይ ቢቆፈር ከዳገቱ የሚመጣው ጎርፍ ክምሩን ሳይነካ ያልፋል። ከሰማይ የሚወርደው ይቀራል፤ እሱንም በየጊዜው አፈር አልብሶ ትከሻውን ተዳፋት ማድረግ ይቀንሰዋል። ይህን ለማድረግ የፈረንሳይ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቦታው ከቦረቦር መውጣቱ ነው፤ ካሣም ቢያስከፍል።

የምግብ ትራፊው ደግሞ መጀመሪያውኑ ወደዚያ ባይሄድ ቡኮው አይኮመጥጥም፣ ብረቱም አይሟሟም። በአያቶቻችን ጓዳ ቆሻሻ የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረም። አተላው ለላም፣ ልጣጩ ለበግ፣ አመዱ ለጓሮ ጎመን ነበር። ይህን የምለው ያለፈውን ለማሞካሸት አይደለም፤ ያኔ ፌስታልና ዳይፐር አልነበረማ። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚያግድ አዋጅ ጸድቋል። ገበያ ላይ ዘምቢል እስኪመለስ ግን ገና ጊዜ ይወስዳል።

ባለፈው ለመስቀል ስሄድ ይህን ሁሉ ለአክስቴ ነገርኳት። ቅራሪ እየቀዳች ነበር። የሰንዳፋውን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች፣ የቆሼውን ቀድሞም ታውቀዋለች፤ ያን ቀን ሬዲዮ ይዛ አልቅሳለች። ከዚያ እንሥራውን ስታስቀምጥ፣ «እንዲያው ከከተማ ዳር ቦረቦር ሥር ምንጭ ብትኖር የሚቀዳባት ማነው?» አልኳት።

በጣቷ መቁጠር ጀመረች። የቄሱ ቤት፣ የመምህሯ ቤት፣ እነዚያ አዲስ የመጡት ተጋቢዎች፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ደግሞ በበጋ ከብት የሚያጠጣው መንደር በሙሉ። ጣቷ አለቀ።

«ከዚያ በታች ያሉትን አላውቃቸውም» አለችኝ።